ለቱሪዝም ሚኒስቴር፦ ስለ ኩበር ፔዲ ጉድጓድና ስለ ደላንታ ኦፓል

ለተከበራችሁ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

የምኖረው አውስትራሊያ፣ አደላይድ ነው። በታኅሣሥ የትምህርት ቤት እረፍት ልጄን ይዤ ወደ ሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ኩበር ፔዲ ገባሁ። እንደ ደረስን «ይሄን ለማየት ነው ይሄ ሁሉ መንገድ?» አልኩ። ዛፍ የለም፤ ዓይን እስከሚደርስበት ኩይሳ የመሰለ ነጭ የአፈር ክምር ብቻ። በመንገዱ ዳር ያለው ሰሌዳ አትሩጡ፣ ወደ ኋላም አትራመዱ ይላል። ፎቶ አነሳለሁ ብሎ ሲያፈገፍግ ጉድጓድ የሚገባ አይጠፋማ!

እ.ኤ.አ. በ1915 ከአባቱ ጋር ወርቅ ፍለጋ የወጣ የ14 ዓመት ልጅ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ አገኘበት፤ ከዚያ ወዲህ ይቆፈራል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሰዉ ከመሬት በታች ቤት ሠራ። ያደርንበት ክፍል ግድግዳ ላይ የመቆፈሪያው ጥርስ ያረፈበት ምልክት እንዳለ ይታያል፤ ያለ ማቀዝቀዣ ብርድ ልብስ ለብሰን ተኛን። የሰርቦች ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ምድር ውስጥ ተፈልፍሏል። (ላሊበላን ያየ ሰው መቼም በዚህ አይደነቅም።)

ልጄ የወደደው ግን ሌላ ነው። ቆፋሪዎች የጣሉትን አፈር ጎብኚ እንዲበረብር የተፈቀደ ቦታ አለ። በማለዳ ሄደን፣ ተንበርክከን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠጠር ለቀምን። ያገኘነው የጥፍር ስባሪ የምታህል፣ በምራቅ ስትነካ አረንጓዴ ብልጭ የምትል ነገር ናት። ብትሸጥ ሳንቲም አታወጣም። ለእሷ ብለን ግን ሁለት ሌሊት ከፍለን አድረናል፣ ነዳጅ ቀድተናል፣ ምግብ ቤት በልተናል።

የወሎው ደላንታ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የደላንታዋ ከተማ የወገል ጤና ኦፓል ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ገበያ ታውቋል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። የኩበር ፔዲው እንዲህ አያደርግም። ድንጋዩ ባሕር ይሻገራል፤ እሱን ብሎ ደላንታ የሄደ ጎብኚ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጎብኚ ኦፓሉ ከሚቆፈርበት የገደል ዋሻ ይግባ አልልም፤ እየተደረመሰ ስንቱን ወጣት ቀብሯል። የምጠይቀው ትንሽ ነው፦ ከተማው ውስጥ የታጠረ ግቢ፣ ከዋሻው የወጣ ትርፍ አፈር፣ ውሃ የሞላ ሳህን፣ ሥራውን የሚያስረዳ ቆፋሪ። ከመግቢያው ገንዘብ ድርሻው ለቆፋሪዎቹ ይሁን። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚያው በደላንታ በኩል ነው፤ መቅደላን ሊያይ የሚመጣ ሰው አንድ ሌሊት የሚያድርበት ምክንያት ያገኛል።

ዛሬ የአካባቢው ሰላም ጎብኚ እንደማያስገባ አውቃለሁ። ቦታውን ከማዕድን ሚኒስቴር ጋር ተነጋግሮ መከለል ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። የሰሌዳዎቹንና የመበርበሪያ ቦታውን ፎቶ ከፈለጋችሁ እልካለሁ። ድንጋይዋን ግን ልጄ አልሰጥም ብሏል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የወሎ ተወላጅ፣ ከአደላይድ