ጉዳዩ፦ በውሃ ፕላስቲክ ስለሚገባው አረቄ

ለተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ደሴ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

የአንደኛው ወሰነ ትምህርት የውጤት ካርድ ዓርብ ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው ይምጡ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሦስት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ዴስክ ላይ ተደፍተው ተገኙ። መምህራቸው የታመሙ መስሎት ውሃ ሊያጠጣቸው የራሳቸውን ፕላስቲክ ቢከፍት አረቄ ሆኖ አገኘው። ወላጅ እስኪያመጡ ድረስ ሦስቱንም ከክፍል አግደናል። እስከ ዛሬ የመጡት አንድ አባት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የመጡት ሊወቅሱን ነው።

የምትሉትን አውቃለሁ። «ጠላ በየቤታችን ያለ ነው፤ እኛም ቀምሰን አድገናል» ትላላችሁ። በዓመት በዓል ከአባት እጅ የሚቀመስ ጠላና በምሳ ሰዓት ተዋጥቶ የሚገዛ አረቄ እንዴት አንድ ይሆናሉ? ደህና የወጣ አረቄ አልኮሉ ከመቶ 40 እጅ ሊደርስ ይችላል። (ጠላውንም ቢሆን ለልጅ አልፈቀድኩም፤ ጠብ እንዳይበዛ ብዬ ነው የተውኩት።)

«እኛ ቤት ከቀሪቦ በቀር መጠጥ አይገባም» የምትሉም አላችሁ። ከሦስቱ ልጆች የአንደኛው ቤት እንዲሁ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

«ጥበቃው ለምን አይፈትሽም?» ትሉ ይሆናል። ጥበቃችን የእያንዳንዱን ተማሪ ውሃ እየቀመሰ ያስገባ? በሁለት ሳምንት ውስጥ እሱንም ማገዳችን ነው።

«ከግቢ ውጭ የሆነው ትምህርት ቤቱን ምን አገባው?» ለሚለውም መልስ አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ይህንን በአካባቢው ላሉ ሻጮች በእግሬ ዞሬ ነግሬያለሁ። አንዲት እናት «ልጁ አባቴ ልኮኝ ነው ስላለኝ ሸጥኩለት» አሉኝ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ልጅ መጠጥ እንዲገዛ የምንልከው እኛው ነንና። እባካችሁ፣ በትህትና እለምናለሁ፣ ራሳችሁ ሂዳችሁ ግዙ።

እገዳው የከበደባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ያገድናቸው እናንተ እንድትመጡ ነው። ሦስት ጊዜ ስልክ ደውለን ያልተነሣልን ሌላ ምን እናድርግ?

የቀሩት የሁለቱ ልጆች ወላጆች ሰኞ ገበያ ነው እንዳይሉኝ ቀጠሮውን ማክሰኞ አድርጌዋለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢሮዬ ነኝ። «ልጄን ስም አጠፋችሁበት» የሚል ካለ ፕላስቲኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከፍቶ ማሽተት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር