አካፋ ይዛችሁ ለወጣችሁልን

እማዬ ደህና ናት። ስትደውሉና ስትጽፉ ለሰነበታችሁ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ልበል። ሰኞ የኩላሊት እጥበቷን አግኝታ ገብታለች። አሁን ቡና እያፈላች ነው፤ ለሷ አንድ ስኒ ብቻ፣ ፈሳሽ ተለክቶ ነው የሚሰጣት።

የቅዳሜው እጥበቷ ያለፋት በኔ ጥፋት ነው። የ2008 ዓ.ም. ጥምቀት ዕለት ማታ አንድ ኢንች እንኳ ያልሞላ በረዶ ዋሽንግተንን ቀጥ አድርጓት ነበር። መንገዱ ጨው ሳይበተንበት በረዶው ረግቶ፣ የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ ሳይቀር እየተንፏቀቀ ነው የገባው። እኔም ከሥራ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ለመድረስ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሐሙስ ሱቅ ስገባ ዳቦ የለ፣ ወተት የለ፣ የሽንት ቤት ወረቀቱ መደርደሪያ ባዶ። ሳቅኩ። ለአንድ ኢንች እንዲህ የሆነ ከተማ ደመና ባየ ቁጥር ይሸበራል ብዬ ናቅኩት። ከእጥበቱ ቦታ ተደውሎ «የቅዳሜውን አርብ ጠዋት አምጣት» ስባል እንኳ፣ አርብ ሥራ አለኝ፣ ቅዳሜ ይሻለኛል አልኩ። ጉዴን እዩልኝ!

አርብ ከቀትር በኋላ ጀመረ። እማዬ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ «በረዶ ማለት ጣራውን የሚደበድብ ነው፤ ይሄ ኮቴ የለው፣ ተንኮለኛ ነው» አለች። እስከ ቅዳሜ ማታ አላባራም። ሬገን ኤርፖርት 17.8 ኢንች፣ ደለስ 29.3 ተለካ። አውቶቡሱም ባቡሩም ቆመ፣ የእጥበቱም ቦታ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ቲያን ቲያን የሚባለው ፓንዳ በረዶ ላይ ሲንከባለል የሚያሳየውን ቪዲዮ ሲቀባበል፣ እኔ የእማዬን እግር ነበር የማየው። እሁድ ጠዋት ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ ጫን ባደርገው፣ ውሃ ቋጥሮ ኖሮ ጎድጉዶ ቀረ።

ሦስተኛ ፎቅ ያለሽው ነርስ እህቴ፣ በቀን ሁለቴ እየወጣሽ የደም ግፊቷን ስለለካሽ፣ ለኩላሊት በሽተኛ የማይሆኑትን ሙዙንና ድንች ወጡን ከፊቷ ስላነሳሽ (ተቆጥታሽ ነበር፣ አሁን ትመርቅሻለች) እግዜር ይስጥልኝ። ከጆርጂያ አቬኑ በእግራችሁ፣ ጉልበት በሚውጥ በረዶ አካፋ ተሸክማችሁ የመጣችሁት አምስት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ እናንተን በምን ቃል ላመስግን። መንገድ ጠራጊው መኪና በረዶውን ገፍቶ መኪናዬ ላይ ግድግዳ ሠርቶበት ነበር፤ ሲቆፈር መጀመሪያ የወጣው የጎን መስታወቱ ነው። ኤልሳልቫዶራዊው ጎረቤቴ ደግሞ አማርኛ አታነብም፣ ልጅህ ትንገርህ። ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ከደጃፉ እስከ መኪናው ለእማዬ ክራንች የሚበቃ መንገድ ጠርገህ፣ እንዳያንሸራትታት የድመት መጸዳጃ አሸዋ በትነህበት ነው ያገኘንህ። ጨው ከየሱቁ አልቆ ነበር።

አንድ ቀረ። እዚህ ሰው ከበረዶ ቆፍሮ ያወጣውን የመኪና ማቆሚያ ወንበር አስቀምጦበት ነው የሚሄደው፣ የነካበትን አይምርም። እኔ በጥድፊያ ምንም ሳላስቀምጥ ወጣሁ። ማታ ስንመለስ በሩ አጠገብ ያለው ቦታችን ላይ የወጥ ቤት ወንበር ቆሟል። ሌላ ሰው ያዘው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት፣ ለሦስት ዓመት ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጥናቸው፣ በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙልን። ለእማዬ ይዘውልን ነው።

ወንበራቸው እስካሁን እኔ ጋ ነው። እማዬ ድፎ እየጋገረች ስለሆነ ማታ ሁለቱንም ይዤ እወርዳለሁ።