አንጋፋ መምህራን መሳለቂያ አይሁኑ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ወጣቶች ያረጁ መምህራንን በስልክ እየቀረጹ ቲክቶክ ላይ ሲሳለቁባቸው ማየት አንገብግቦኛል። በአንዱ ቪዲዮ ሽማግሌው መምህር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲስቱ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እሳቸው የኮታቸው እጅጌ በጠመኔ ነጥቶ፣ ምንም ሳይሉ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ።

የወጣቱ ብስጭት ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋተኛ ሲፈለግ ቅርብ የተገኘው መምህሩ ሆነ። ግን መጽሐፍ ለሦስት በሚዳረስበት፣ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ለወር አስቤዛ በማይበቃ ደመወዝ ያስተማረን ሰው ብቻውን ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው! ዛሬ ጡረታ ከወጡት መካከል በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርደው፣ ማታ በኩራዝ ገበሬውን ፊደል ያስቆጠሩ አሉ። የብዙዎቹ ወጣቶች አያቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በእነሱ ነው።

ትምህርት ቤቶች ያለ ፈቃድ መምህርን መቅረጽ ይከልክሉ። እናንተም ለጡረተኛ መምህራን ዓምድ ክፈቱላቸው፤ ያሳለፉትን ራሳቸው ይንገሩን።

አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ