የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የካሄርሲቪን ጉዞና የአውቶቡሱ ክርክር

በዓመቱ መጀመሪያ አንዳንድ ወላጆች አንድ ጥያቄ አንስተውልኝ ነበር። "ልጆቻችንን የምናመጣው አማርኛ እንዲማሩ ነው። የአየርላንድን ታሪክማ በሳምንቱ ቀናት ትምህርት ቤታቸው ይማሩታል። ይሄ የታሪክ ክበብ ምን ይጨምርላቸዋል?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህን ዘገባ የምጽፈውም መልሱን ለመስጠት ነው።

የተለመደውን ሥራ ቶሎ ልለፈው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ስንገናኝ ቆይተናል። ልጆቹ አያቶቻቸውን በስልክ እየጠየቁ ያገኙትን ጽፈው አምጥተዋል። ለዓድዋ በዓል አዳራሹን ያስጌጡትም እነሱ ናቸው፤ ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። በታኅሣሥና በጥር አዳራሹ ለጥገና ሲዘጋ ክበቡም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያልተመለሱ ልጆች አሉ። ቅዳሜ ኳስ አላቸውና አልፈርድባቸውም። ለክበቡ የሚመደበው ገንዘብ ግን ከማርከርና ከካርቶን አያልፍም። ስንጠቀምበት የቆየነው ፕሮጀክተር እንኳ ከአንድ ወላጅ በውሰት የመጣ ነው።

አሁን ወደ ግንቦቱ ጉዞ ልግባ። የሄድነው በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ ኬሪ አውራጃ ውስጥ ወዳለችው ካሄርሲቪን ነው። እዚያ የድሮው የፖሊስ ካምፕ ዛሬ የአካባቢው ታሪክ ሙዚየም ሆኗል።

ከኮርክ ተነስተን በኪላርኒ በኩል ወደ ምዕራብ ነዳን። ከግሌንቤይ በኋላ መንገዱ ተራራውን ታክኮ ከባሕሩ በላይ ይሄዳል። ከተማዋ ስንደርስ ፈርታ ወንዝ ዳር ነጩ ሕንፃ ከነማማዎቹና ከነሾጣጣ ጣሪያው ብቅ አለ። ትንንሾቹ "የፋሲል ግንብ!" ብለው ጮኹ። ክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አስታውሰው ነው። ማማ አይተው ጎንደር ትዝ ስላላቸው ደስ አለኝ።

የአገሬው ሰውም ስለዚህ መልኩ የራሱ ወሬ አለው። ንድፉ ለሕንድ የተዘጋጀ ነበር፣ ወረቀቱ ተለዋውጦ በስህተት እዚህ ተሠራ ይላሉ። ወሬ ነው። ንድፉ የመንግሥቱ አርክቴክት የኢኖክ ትሬቨር ኦወን ነው። ሕንፃው የተሠራበት ምክንያት ግን የታወቀ ነው። በ1866 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አጠገቡ ካለችው ከቫለንሺያ ደሴት ተነስቶ አትላንቲክን የሚያቋርጥ የቴሌግራፍ ገመድ ተዘረጋ። ኒውፋውንድላንድ ድረስ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ የካቲት 1867፣ ፊኒያን የሚባሉት ነጻነት ፈላጊዎች እዚሁ አካባቢ ጠመንጃ አነሱ። አመጹ ወዲያው ከሸፈ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ደነገጠ። ገመዱንም ሕዝቡንም የሚጠብቅ ጠንካራ የፖሊስ ካምፕ አስፈለገው። በ1870ዎቹ ይሄ ተሠራ።

ውስጡ ብዙ ነገር አለ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በ1775 የተወለደው ዳንኤል ኦኮኔል አለ። በ1829 ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲገቡ ያስቻለው ሕግ እንዲወጣ የታገለ ሰው ነው፤ የአሜሪካን ባርነትም አጥብቆ ይቃወም ነበር። ከ1845 ጀምሮ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የጨረሰው ረሃብም አለ። እዚያ ጋ ቆምን፤ ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም። ሁሉም ቤት የወሎን ረሃብ የሚያስታውስ ሰው አለ።

ልጆቹን የያዛቸው ግን ሌላ ነገር ነው። አስጎብኚያችን ስለ ፖሊሶቹ ስትናገር፣ አብዛኞቹ አይሪሽ፣ አብዛኞቹም ካቶሊክ፣ የገበሬ ልጆች ነበሩ አለች። በተወለዱበት አውራጃ እንዳይሠሩ ይከለከላሉ። በሚስታቸው አውራጃም እንዲሁ። ዘመድ እንዳያባብላቸው ነው።

በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ ልጅ አለን። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ "ቲቸር፣ ባንዳ ነበሩ ማለት ነው?" አለኝ።

እሷን ጠይቃት አልኩት። በጣሊያን ጊዜ ባንዳ ማን እንደነበረ በእንግሊዝኛ አስረዳት። ደንግጬ ነበር፤ ሴትየዋ ይከፋታል ብዬ። አልከፋትም። ካሰበች በኋላ፣ የፖሊሶቹም የአማፂዎቹም የልጅ ልጆች ዛሬም በዚህ አገር ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ነገረችው። በ1920፣ በአየርላንድ የነጻነት ጦርነት ጊዜ፣ ብዙ ፖሊሶች ሥራ እንደለቀቁ፣ በቦታቸውም ከብሪታንያ ሰዎች እንደተቀጠሩ አከለችበት። በ1922 በእርስ በርሱ ጦርነት ካምፑን ያቃጠሉት ከብሪታንያ ጋር የተፈረመውን የ1921 ስምምነት የተቃወሙት አይሪሾች ናቸው። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ጣሪያ አልባ ቆሞ ነበር። በ1990ዎቹ የከተማዋ ሰው ተረባርቦ አደሰው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ሀብታምም አይደለችም።

ክርክሩ የተነሳው አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንዷ ልጅ "ከረሃብ በኋላ ደሞዝ ያለው ሥራ ሲገኝ ምን ያድርግ? ቤተሰቡ ይብላ እንጂ" አለች። ልጁ "ባንዳም እኮ ደሞዝ ነበረው" አላት። ሌላው "ለቀው የወጡትስ?" አለ። "መጀመሪያ ለምን ገቡ?" ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከኋላ ወንበር እስከ ሾፌሩ ድረስ ተንጫጩ።

ለመርዳት አብሮን የመጣ አንድ አባት ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየ። ከዚያ "እኛ ቤትም ነበረ" አለ። ከአያቱ ወንድሞች አንዱ ከጣሊያን ጋር አድሮ ነበር። አያቱ ደግሞ ጫካ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ የዚያ ሰው ስም ቤት ውስጥ አልተጠራም። የገዛ ልጁም አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች፤ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። "ታዲያ ለምን አትነግረኝም?" አለችው። እስከ ኪላርኒ ድረስ በአማርኛ ነገራት። ሁላችንም ሰማን። ሲያቆም "ከዚያስ?" ይሉታል፤ የማይገባቸው ቃል ሲመጣ ራሳቸው ያስቆሙታል፣ ይጠይቃሉ።

ክፍል ውስጥ "እባካችሁ በአማርኛ!" እያልኩ ስለምናቸው ብዙ ሰዓት ያልፋል። ያን ቀን ማንም አላዘዛቸውም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሱት የሚፈልጉት ታሪክ ያ አባት ዘንድ ስለነበረ ነው። የአየርላንድ ፖሊስ ካምፕ ባይሄዱ ኖሮ ያን ጥያቄ አያነሱም ነበር፤ አባትየውም ባልተናገረ። ክበቡ ምን ይጨምራል ላላችሁኝ ወላጆች ይሄንን ይጨምራል እላለሁ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የአውቶቡሱ ኪራይ የተሸፈነው ወላጆች ባዋጡትና ከዳቦና ሻይ ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ ነው። ድርሻቸውን መክፈል ያልቻሉ ልጆች ቀርተዋል። ልጅ በገንዘብ ምክንያት ከትምህርት ጉዞ መቅረት አልነበረበትም። ኮሚቴው ለመጪው ዓመት ለክበቡ ቋሚ በጀት እንዲይዝልን፣ አንድ ፕሮጀክተርም እንዲገዛልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለመጪው ዓመት ያሰብነው ኮቭ ነው፤ ብዙ አይሪሽ ስደተኞች ወደ አሜሪካ የተሳፈሩበት ወደብ። ከኮርክ ባቡር ስላለ አውቶቡስ አያስፈልግም። ከጉዞው በፊት ልጆቹ እናንተ ወላጆች እንዴት እዚህ እንደደረሳችሁ ሊጠይቋችሁ ይመጣሉ። እባካችሁ ጊዜ ስጧቸው፣ በአማርኛም መልሱላቸው። ከእኛ ጋር መጓዝ ወይም በገንዘብ ማገዝ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ክፍሌ አለሁ።