አባዬ፣ ማመልከቻዎቹን እንዳታቃጥላቸው

ሐዋሳ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የግፊት መድኃኒትህን ሳታቋርጥ እየወሰድክ መሆኑን እህቴ ነግራኝ ደስ ብሎኛል።

ባለፈው በስልክ ያልከኝ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ ብሏል። «ወንጌል ልሰብክበት የሚገባኝን ዕድሜ በቆሻሻ ክርክር ፈጀሁት» አልከኝ። የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ እንዲነሳ ያኔ ለየቢሮው የጻፍካቸውን ማመልከቻዎችም ልታቃጥላቸው ነው። እባክህ አባዬ፣ ተው።

ስለ አንድ አገልጋይ ላጫውትህ። ቤንጃሚን ቻቪስ ይባላል። በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርህ። በወጣትነቱ ለጥቁሮች መብት ሲታገል «ሱቅ አቃጥላችኋል» ተብሎ ከዘጠኝ ሰዎች ጋር ተከሰሰ። እስከ 34 ዓመት ተፈረደበት። በእስር ላይ እያለ ነገረ መለኮት ተማረ። ፍርዱ በ1980 ተሻረ።

በዚያው ግዛት በ1978 ፒሲቢ የሚባል መርዛም ኬሚካል ያለበት ዘይት በሌሊት በየመንገዱ ዳር ተደፍቶ ነበር። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተበከለ። የተበከለው አፈር ተዝቆ አንድ ቦታ መቀበር ነበረበት። የት? ዋረን ካውንቲ ተባለ። ነዋሪው ያኔ በአብዛኛው ጥቁርና ድሃ ነበር። ብዙው ሰው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር፤ የከርሰ ምድር ውሃውም ቅርብ ነው። በመስከረም 1982 የጭነት መኪኖቹ ሲመጡ ሰው አስፋልት ላይ ተኛ። ሰልፈኛው የሚሰባሰበው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከ500 በላይ ሰው ታሰረ፤ ቻቪስም አንዱ ነበር።

አፈሩ እዚያው ተቀበረ፤ ማስቆም አልቻሉም። የጸዳው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ቻቪስ ግን በዚህ አልተወውም። ዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሱ የሚመራው ኮሚሽን በ1987 የመላ አገሪቱን መርዛም ቆሻሻ መጣያዎች አጥንቶ አወጣ። ጥናቱ እንዳሳየው፣ መጣያው የት እንደሚሆን ከገቢ ይበልጥ የሚያመለክተው የነዋሪው ዘር ነበር። ዛሬ የአካባቢ ፍትሕ የሚባለው ትግል ብዙ ጉልበት ያገኘው ከዚያ ነው። ኋላ፣ በ1997፣ ቻቪስ ኔሽን ኦፍ ኢስላም የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን እስላማዊ ንቅናቄ ተቀላቅሏል። ይህን ደብቄ ብነግርህ ልክ አይሆንም። ዋረን ላይ የሠራውን ግን ማንም አይፍቀውም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የከተማው ቆሻሻ ለምን እነዚያ ቆርቆሮ ቤቶች ጓሮ ይደፋ ነበር? ሌላው ሰፈር ቢሮ የሚያውቀው ሰው አለው። እዚያ የሚኖሩት ግን ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያንን ሁሉ ጠርጎ ሐይቅ ይከተዋል። ሐይቃችን ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። አሞራ ገደል የምንበላው ቆሮሶ የሚወጣው ከዚያው ውሃ ነው። ይህን ለምእመናን ስታስረዳ «መጋቢ ፖለቲካ ጀመረ» ያሉህ ሽማግሌዎች ነበሩ። ያኔ ልጅ ብሆንም ፊትህ እንዴት እንደጠቆረ አይቻለሁ።

አባዬ፣ አንተ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ቤት ሄደህ ትጸልይ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ቤት ገብተህ በፋኖስ ማመልከቻ ትጽፋለህ። ሲነጋ ደጅ ትጠናለህ። «ነገ ተመለስ» ሲሉህ ነገ ትመለሳለህ። እኔ ጸሎቱን ከማመልከቻው ለይቼው አላውቅም። እነዚያ እናቶችም የለዩት አይመስለኝም። ዛሬም ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «የመጋቢ ልጅ» ብለው ቲማቲም ይመርቁልኛል፤ ስለ ስብከትህም ስለ መጣያው መነሳትም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወሩት።

ወረቀቶቹን የምፈልጋቸው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ከሰፈሩ በላይ አዲስ መጣያ ተጀምሯል። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ለመክሰስ አስበዋል፤ ከየት እንደሚጀመር ግን ግራ ገብቷቸዋል። የትኛው ቢሮ ምን ብሎ እንደመለሰልህ፣ ስንቴ እንዳመላለሰህ፣ በመጨረሻ ማን እንደፈረመ ማየት ይፈልጋሉ።

ወንድሜ ቅዳሜ ይርጋለም ይመጣል፤ ካርቶኑን ስጠው። ቀን ያልተጻፈባቸው ላይ የምታስታውሰውን ጠርዙ ላይ ጻፍልኝ። ዓይንህ ከደከመ እህቴ ትጻፍልህ። ወጣቶቹ ከፋሲካ በኋላ አንተን ራስህን መስማት ይፈልጋሉ። ጉልበትህ ከፈቀደ መኪና ይዤ እመጣለሁ።

የምትወድህ ልጅህ