ለሲስተራችን፣ ከማክሰኞ እናቶች

ውድ ሲስተር፣

ባለፈው ማክሰኞ በስንብቱ ቡና ላይ ተነሥቼ እንድናገር ስጠየቅ እንባ ቀደመኝና ተመልሼ ተቀመጥሁ። ያን ቀን ያልወጣልኝን ዛሬ ልጻፈው። አማርኛው ከከበደዎት፣ ሙያውን ያስተማሩት ወጣት ባለሙያችን ያነብልዎታል። ሥራዎ ፊዚዮቴራፒ እንደሆነ እናውቃለን፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲስተር ማለት ለምደናል።

ልጄ የተወለደው ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ነው። ቆልማማ እግር እንደሚባል እንኳ አላውቅም ነበር። በሰፈር እርግማን ነው ያለ አለ። መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ደግሞ «ይደግና ያን ጊዜ ይታያል» ብሎ መለሰን። በ12ኛ ቀኑ፣ በሐምሌ ዝናብ ታቅፌው ፒያሳ እርስዎ ወደሚያክሙበት ስደርስ እግሮቹን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። እርስዎ ነጠላውን ገለጥ አድርገው ሁለቱንም ሳሟቸው። ከዚያ በኋላ ነው የነገሩኝ፦ ከሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ እንደሚወለድ፣ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ፣ በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ፖንሴቲ ባበጁት ዘዴ፣ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ እግሩ እንደሚቃና።

ዓይኔ ከእጅዎ አይነቀልም ነበር። አንዱን አውራ ጣትዎን ከቁርጭምጭሚቱ በውጭ በኩል ያሳርፉና በሌላው እጅዎ የእግሩን ፊት ቀስ አድርገው ወደ ውጭ ይመልሱታል። ጉልበት የለበትም። «አጥቢው» ይሉኛል፤ ልጁ ጡት እንደያዘ ጥጡ ይጠመጠማል፣ ጀሶው ይከተላል፣ እስኪደርቅም እጅዎ አይነሣም።

አርባኛው ቀኑ ማክሰኞ ላይ ዋለ። ክርስትናው በማለዳ አራዳ ጊዮርጊስ ነው፤ ጀሶውን ግን ውኃ ሊነካው አይገባም። ክርስትናውን ላራዝመው ወስኜ ስነግርዎት እሺ አላሉም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሩን ከፍተው ጠበቁን። የአራተኛውን ሳምንት ጀሶ ለብ ባለ ውኃ አርሰው ፈቱት፤ ነጠላ ተከናንበው አብረውን ወጡ። ልጄ እግሮቹ ተፈትተው ተጠመቀ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ አምስተኛውን ጀሶ አሰሩለት። የክርስትና አባቱ ይህን ባወራ ቁጥር ድምፁ ይሰበራል።

በኋላ የተረከዙ ጅማት በትንሹ ተቆርጦ የመጨረሻው ጀሶ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያም በብረት የተያያዘው ጫማ መጣ፤ በቀን 23 ሰዓት፣ ለሦስት ወር። እዚህ ላይ ነው እኔ የደከምሁት። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አንጀቴ አልችል ብሎ አወለቅሁለት፤ ከማክሰኞው የሕክምና ቀጠሯችንም ቀረሁ። እርስዎ ከፒያሳ በእግርዎ ወርደው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለውን ቤታችንን ፈልገው አገኙት። አልተቆጡኝም። እግሩን አገላብጠው አዩና፣ ተረከዙ እስከ ታች ስላልገባ ጫማው እንዳቆሰለው አሳዩኝ። በእርስዎ እጅ ሳይሆን በእኔ እጅ አስረውት፣ ልጁ እስኪተኛ ድረስ አልሄዱም። ያን ቀን ባይመጡ ኖሮ እግሩ ተመልሶ ይታጠፍ ነበር።

ይህ የአንዲት እናት ታሪክ ነው። ከመርካቶ መንታ ልጆቿን ይዛ የምትመጣዋ እህታችን በየዱዓዋ ታነሣዎታለች፤ ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ናፍቆትዎን ችለው ለእኛ የተዉልንን ቤተሰቦችዎንም እናመሰግናለን። እናትዎን ሳሙልን።

በስንብቱ ቀን ልጄ ቄጠማውን እየረገጠ ወደ እርስዎ ሲሮጥ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እርስዎ ግን ጎንበስ ብለው የሚያዩት ተረከዙን ነበር፤ መሬት መንካቱን። እኔም ልብ ብያለሁ።

እስከ አራት ዓመቱ ማታ ማታ ጫማውን ማሰር የእኔ ሥራ ነው፤ አደራዎን ተቀብያለሁ። አገርዎ በሰላም ያግባዎት። ልጆቻችንን እንዳቆሙልን እግዚአብሔር እርስዎን በጤና ያቁምልን። አውሮፕላንዎ በተነሣበት ሌሊትም ተረከዙ እስከ ታች መግባቱን በጣቴ ዳስሼ፣ ጫማውን አስሬለት ተኝቷል።

የማክሰኞ እናቶች
አራዳ፣ አዲስ አበባ