ክረምቱን ልጆቻችን እዚሁ ሰፈር ያገልግሉ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ፈተናው እያለቀ ነው፣ ካርድ የሚሰጥበትን ቀን የክፍል ሃላፊዎቹ በቴሌግራም ይነግሯችኋል፣ እኔ ዛሬ የምፅፍላችሁ ስለ ክረምቱ ነው። መቼም ክረምት ሲመጣ የበጎ ፈቃድ ስራው ብዙ ነው፣ ችግኝ ተከላው፣ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳቱ፣ ምኑ ምናምኑ። ችግኙን ዘንድሮም እንተክላለን፣ ግን አንድ ቀን ቲሸርት ለብሶ ተክሎ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ልጁን ከማንም ጋር አያስተዋውቀውም (ውሃ የሚያጠጣውም ጥበቃው ነው)። ስለዚህ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እዚሁ ሰፈር እንዲሰሩ ከእድሩ ጋር ተነጋግረናል።

ለምን እድር ካላችሁ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን ጣራ እንደሚያፈስ፣ ማን አልጋ እንደያዘ ከእድር በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየም ነው ያለነው፣ በእጣ ከየሰፈሩ ተሰባስበን የመጣን ነን፣ በራችንን ዘግተን ነው የምንውለው፣ ልጆቻችን ከላይ ፎቅ ያሉትን እማማ በስም እንኳ አያውቋቸውም። እኛኮ ሰፈራችንን ያወቅነው ወንፊት ተዋሱ፣ እሳት ጫሩ እየተባልን ስንላክ ነው። ገጠር ያደጋችሁት ደግሞ ደቦውንና ወንፈሉን ታውቁታላችሁ፣ አጨዳ ሲደርስ ብቻውን የሚቀር ሰው የለም። ታዲያ የኛ ልጆች ይሄን ከየት ያምጡት?

ስራው ቀላል ነው። በሚታደሱት ቤቶች ጭቃ ማቡካትና ምርጊት ያግዛሉ፣ ጣራ ላይ ግን ማንም ልጅ አይወጣም፣ እሱ የአናጢዎቹ ነው። ዝናቡ ሳይጠና የውሃ መውረጃውን የደፈነውን ፕላስቲክ ይለቅማሉ፣ ለቅሶ ካለ ወንበር ያመላልሳሉ፣ ትንንሾቹን ያስጠናሉ። እኔ በጣም የወደድኩት ግን አረጋውያን ቤት ሁለት ሁለት ሆነው ሄደው መብራትና ውሃ በቴሌብር መክፈል የሚያሳዩትን ነው (ፒኑን የሚያስገቡት እማማና አባባ ራሳቸው ናቸው!)። እዛ ቤት ደግሞ ቡና መፈላቱ አይቀርም፣ ቡና ካለ ጨዋታ አለ፣ ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት በዛ በር ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም፣ እሳቸውም የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ቢያጠፋም ይቆጡታል።

ሰርተፍኬት አለው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ የለውም። ሰው ቤት ገብቶ ፎቶና ቲክቶክም የለም። ልጄ ይደክምብኛል ብላችሁ በሱ ምትክ ሰራተኛ ወይ ዘበኛ እንዳትልኩ፣ እባካችሁ።

ለናንተም አንድ ነገር አለኝ። ከደም ለጋሾች ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው፣ ትምህርት ሲዘጋ ደም ባንክ የሚገባው ደም ይቀንሳል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ወላድም የመኪና አደጋም አይቀርም። እድሜያችሁ ከ18 እስከ 65 ከሆነ፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ በየ3 ወሩ መስጠት ትችላላችሁ፣ ከልጆቹ ጋር ሄዳችሁ ብትሰጡ ደግሞ እሰየው።

የፈቃድ ቅፁን ፈርማችሁ እስከ አርብ ለክፍል ሃላፊው ላኩልን። አስም ወይ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ቅፁ ላይ ፃፉት። ቦት ጫማና የሚቆሽሽ ልብስ ይዘው ይምጡ፣ ምሳ እቤታቸው ነው የሚበሉት።

አክባሪያችሁ
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር